ምርቃቱ ስንት ነው?

ሼህ ቃሲም ማረፋቸውን የነገረችኝ አዴ ዘይነባ ናት፤ እህል ተራ ስንዴ እየሰፈረችልኝ። ጣሳውን ሞልታ፣ አፉን በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ወደ ጆንያዬ ልትገለብጠው ስትል እጇ ባለበት ቀረ።

«መምህር፣ አልሰማህም እንዴ? ሼካችን እኮ ትናንት ተቀበሩ።»

ለፈተና እርማት አዲስ አበባ ሰንብቼ የተመለስኩት በዚያው ጠዋት ነበር። አልሰማሁም። «ኢናሊላሂ» አልኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ከሳቸው ጋር ገና ያልጨረስነው ክርክር ነበረን። ሰው ክርክር አቋርጦ እንዲህ ይሄዳል?

ያኔ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ፣ የእህል ኬላው ተነሥቶ፣ ስንዴ እንደ ልብ መሸጥ ጀምሮ ነበር። እኔ ግን እዚያው ጆንያዬን እንደያዝኩ መንግሥት የእህል ዋጋ ይቆርጥ የነበረበት የተመኑ ጊዜ መጣብኝ።

ሼህ ቃሲም የሰፈራችን መስጊድ አስተማሪ ነበሩ። ናዝሬት ውስጥ ከሳቸው የበለጠ የተማሩ ሼሆች ነበሩ፤ እሳቸውም ይህን አይክዱም። እሳቸው የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው፤ በግዢና በሽያጭ ሕግ። የቀረውን ትምህርት በደከመ ድምፅ ያስተምሩና ከኪታቡ ንግድ የሚለው ክፍል ላይ ሲደርሱ ወገባቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ኮፊያቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸው ይበራል። አንድ ሰው ዓሣውን ገና ሐይቅ ውስጥ እያለ መሸጥ ለምን እንደማይችል ሲያስረዱ ዝዋይ ዳር የቆሙ ያህል እጃቸውን ወደ ውኃው ይዘረጉ ነበር።

ከሳቸው ጋር ገበያ የወጣ ሰው ሳያፍር አይመለስም። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ከመሄዱ በፊት፣ ሻጩን «ከልብ ነው?» ይሉታል። ቀጥለው ወደ ገዢው ዞረው «አንተስ? ከልብ ነው?» ይላሉ። በራሳቸው ግዢ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኙትን የማያውቁትን ሰው ሁሉ ነው የሚጠይቁት። አንዴ አንድ ሽንኩርት ሻጭ «ከልቤ ካልሆነ ታዲያ ከየት ይሁን፣ ከኩላሊቴ?» ብሎ ገበያውን አሳቀባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ነገር ግን ሰውዬው «እሺ፣ ከልቤ ነው» እስኪል ድረስ ከፊቱ አልተነቃነቁም።

እኔ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምር ነበር። ክፍል ውስጥ የማስተምረው መንግሥት የሚለውን ነው። ቤቴ ደብቄ የማነበው ግን ሌላ ነበር። ጅዳ የምትኖር አክስቴ በሰው እጅ የምትልክልኝ መጻሕፍት ነበሩ። በቅርብ ጊዜ የተጻፉ ናቸው፤ ያለ ወለድ ስለሚሠራ ባንክ፣ ዘካ በመንግሥት ደረጃ ስለ መሰብሰብ፣ ከካፒታሊዝምም ከሶሻሊዝምም ስለተለየ የእስልምና የኢኮኖሚ ሥርዓት የሚያወሩ። ወጣት ነኝ፤ አገር ያገኘሁ መሰለኝ። ሮጬ ሄጄ ለሼህ ቃሲም ነገርኳቸው።

«ሦስተኛ መንገድ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«ከናዝሬት የሚያስወጣው መንገድ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ ወደ አዋሽ፣ አንዱ ወደ አሰላ» አሉኝ። «ያንተው በየት በኩል ነው?»

በዚህ ተጀመረ። በየሳምንቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ መስጊዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን። የሳቸው የድሮ ዑለሞች፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ኢኮኖሚ የሚባል ቃል የላቸውም። አንድ ሻጭ አለ፣ አንድ ገዢ አለ፣ መካከላቸው ዕቃ አለ፤ ጭንቀታቸው ሁሉ አንዱ ሌላውን እንዳያታልለው፣ ሚዛኑ እንዳይጎድል፣ እሺታው የውነት እንዲሆን ነው። የኔዎቹ አዳዲስ ጸሐፊዎች ደግሞ የሚያዩት አገርን ነው፣ ባንክን፣ ዕቅድን፣ የሀብት ክፍፍልን። «የርስዎ ኪታብ ከአንድ ግመል ሽያጭ አልፎ አያይም» ስላቸው «ያንተ መጽሐፍ ደግሞ ግመሉንም ባለ ግመሉንም አያውቃቸውም» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ተኮራርፈን እንለያያለን። በሳምንቱ ግን ቀድሞ የሚመጣው እኔ ነኝ።

የዋጋ ተመን ሲወጣ ክርክሩ ከበረንዳው ወረደ። ቀበሌው የእህሉን ዋጋ ቆርጦ ለጠፈ፤ ከዚያ በላይ የሸጠ በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቃል ተባለ። በሳምንቱ እህል ተራ ባዶ ሆነ። ከአርሲ በኩል እህል የሚያመጡት ሰዎች በተመኑ ቢሸጡ የመኪናውን ኪራይ እንኳ አይሸፍንላቸውም። አንድ የዘይት ነጋዴ ከሱቁ ተወስዶ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ፤ ሚስቱ ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ቢሮ ስትመላለስ በየቀኑ እናያት ነበር። ሰው በገበያ መሃል ዋጋ ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለመደ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ከበላዩ ያሉትን ግን አጥብቆ ይፈራ ነበር። ሕዝቡ የሚያምነው ሰው ያስፈልገኛል አለና ሼህ ቃሲምን የዋጋ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አባል አደረጋቸው። እምቢ ማለት አይቻልም። ስብሰባ ላይ «ጓድ ሼህ ቃሲም» ብሎ ሲጠራቸው እኔ ሳቄን ለመዋጥ ስታገል እሳቸው ከምንም ሳይቆጥሩት «አቤት» አሉ።

በመጀመሪያው የቁጥጥር ቀን ሼህ ቃሲም የተለጠፈውን ዋጋ ቀና ብለው አላዩትም። በየሻጩ ፊት እያጎነበሱ ጣሳውን ያነሣሉ፤ ቂጡ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ እንደሆነ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ሦስት ጣሳ ወረሱ። ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በሚቀጥለው ሳምንት በረንዳው ላይ፣ ሰው እንዳይሰማን ተጠጋግተን ተቀመጥን።

«የኔ መጽሐፍ ተመኑን ይደግፋል» አልኳቸው። «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መንግሥት ዋጋ መቁረጥ ይችላል።»

«ከኔዎቹም ዑለሞች፣ ሻጮቹ ከተማከሩ ይቻላል ያሉ አሉ። የሚበዙት ግን አይቻልም ነው ያሉት። ሻጭ ሳይወድ የሸጠው ንግድ አይደለም። ሁለቱም እሺ ማለት አለባቸው።»

«እሺ፣ ልጆቿ የተራቡባት ሴት ሻጩ የፈለገውን ዋጋ ሲጠራላት ምን ትላለች? እሺ ነው የምትለው። ምን ምርጫ አላት? እርስዎ ደግሞ አጠገቧ ቆመው ከልብ ነው ይሏታል። ከልቧ ነው?»

ከዘራቸውን አንሥተው ተነሡ፤ «ይህን አላነበብኩትም» ብለው ገቡ። ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ቤቴ ሄድኩ።

እሳቸው ግን ጥያቄውን ይዘውት ሰነበቱ። በጁምዓው ከሶላት በኋላ ተነሥተው አንድ ነገር ተናገሩ። ከሁሩታ በጭነት መኪና ላይ እየተፈናጠጠች ኬላው የሚፈቅደውን ያህል ስንዴ የምታመጣ አንዲት መበለት አለች፤ አዴ ዘይነባ። በተመኑ ትሸጣለች፣ ትከስራለች፣ በሚቀጥለው ወር አትመጣም። «ሻጭ ሰፍራ ስትጨርስ ለገዢው አንድ እፍኝ ትመርቅለታለች» አሉ። «ምርቃት ስትሰጥ ኖራለች። እስቲ አሁን ያለው ገዢ ደግሞ ለሷ ይመርቅላት። የሌለው በተመኑ ገዝቶ ይሂድ። እሷ አትጠይቅ፤ ማን ሰጠ ማን አልሰጠ ብላም አትይ።»

ሰው ወደደው። ዘይነባ ሰፍራ፣ በተመኑ ተቀብላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ደሞዝተኛው ጣሳው ሥር የአቅሙን ያስቀምጣል፤ የሌለው ምንም ሳያስቀምጥ ይሄዳል። ስንዴውም መምጣቱን ቀጠለ። ድሃዋ በተመኑ ትገዛለች፣ ዘይነባም አትከስርም። እኔ በመጽሐፌ ውስጥ ለዚህ ነገር ስም ፈልጌ «አንድ ዕቃ፣ ሁለት ዋጋ» አልኳቸው። «ስም አታውጣለት» አሉኝ በቁጣ። «ስም ሲወጣለት ይበላሻል።»

ልክ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ የመጣ አንድ የሸንኮራ ቆራጭ ተራውን ጠብቆ ስንዴውን አሰፈረ። ፊት ያሉት ሰዎች የሆነ ነገር ጣሳው ሥር ሲያስቀምጡ አይቷል። ጨዋ ሰው ነው፤ የአገሩን ደንብ እንዳያጓድል ፈራ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ምርቃቱ ስንት ነው?» አለ።

ዘይነባ አልመለሰችም። ከኋላው የቆመ አንድ ደግ ሰው ግን ሊረዳው አሰበና «እኛ ሁለት ብር ነው የምናደርገው» አለው። አንድ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ወዲያው ጆንያዋን በትከሻው አንሥቶ እሷን በክንዷ ያዛት። «አልጠየቅኩም! አላህን፣ አልጠየቅኩም!» እያለች ስትሄድ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። የዘይት ነጋዴው ሚስት ከዳር ቆማ አየች፤ ዘይነባ አጠገቧ ስትደርስ ፊቷን ሸፈነች።

በማግስቱ ጠዋት ሼህ ቃሲም ጋ ሄድኩ። የቀበሌው ሸንጎ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሳቸው የኮሚቴ አባል ሆነው ይመሰክራሉ። ነፍሷ በሳቸው አፍ ላይ ነበረች። ኪታቡ ፊታቸው ተዘርግቶ አገኘኋቸው፤ እንቅልፍ እንዳላዩ ዓይናቸው ይናገራል።

«ስጦታ ነው ይበሉ፤ አለቀ» አልኳቸው። «ያልተጠየቀ ስጦታ አራጣም አይደለም፣ ዋጋም አይደለም። ራስዎ ነው ያስተማሩኝ።»

«ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፣ ሁለት ብር ነው ተባለ። ስንትነቱ ከታወቀ ዋጋ ሆነ ማለት ነው፣ መምህር። ሰው ሁሉ የለመደው ነገር አፍ አውጥተው እንደተዋዋሉት ይቆጠራል። ሕጉ እንዲህ ነው።»

«ሕጉ! ሴትዮዋን ሊበሏት ነው እኮ! ሰው ለማዳን መዋሸት ይፈቀዳል።»

«ይፈቀዳል። ግን ጠባቂው በጆሮው ሰምቷል፤ ማን ያምነኛል? ዋሽቼ ካላዳንኳት ሁለት ነገር አጠፋሁ።» ኪታቡን ዘጉት። «እስቲ ተወኝ፣ ኢልማ ኮ።»

ልጄ ብለው በኦሮምኛ ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። የፈራሁት ለሷ ይሁን ለሳቸው ሳላውቅ ወጣሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ዘይነባ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጓድ ታደሰ ጎን ከበላይ የተላከ የማናውቀው ሰው አለ፤ ምንም አይናገርም፣ ይጽፋል። ጓድ ታደሰ ሲናገር በየጊዜው ወደ ሰውዬው እጅ ያያል።

«ጓድ ሼህ ቃሲም። ተከሳሿ ከተመን በላይ ጠይቃለች?»

«አልጠየቀችም።»

አዳራሹ ተነፈሰ።

«ገዢዎች ከተመን በላይ ከፍለዋል?»

«ከፍለዋል።»

«ማንም ሳይጠይቃቸው?»

ሼህ ቃሲም ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔ በልቤ ስጦታ ነው ይበሉ፣ ስጦታ ነው ይበሉ እላለሁ።

«ተጠይቀዋል» አሉ።

ዘይነባ አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላ አንዱ «ገደሏት» አለ።

«ማን ጠየቃቸው?»

«እኔ። መስጊድ ቆሜ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ልማዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፊቷን አዙራ እንዳታይ ያዘዝኳትም እኔ ነኝ። እሷ ሰፍራ በተመኑ ከመሸጥ ሌላ ያደረገችው የለም። ውል ነው ካላችሁ ተዋዋዩ እኔ ነኝ።»

ጓድ ታደሰ ደነገጠ። ሰውዬው መጻፉን አቆመ። ታደሰ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ድሮው ልብስ ለማስለካት የመጣን ሽማግሌ በሚያናግርበት ድምፅ ጠየቃቸው። መውጫ ሊሰጣቸው ነበር፤ ለሁላችንም ገባን።

«ሼካችን፣ ምናልባት ሰው አስገድዶዎት ይሆናል እንዲህ የሚሉት?»

«የለም» አሉ ሼህ ቃሲም። «ከልቤ ነው።»

ዘይነባ በዚያው ምሽት ተለቀቀች። እሳቸውን ወሰዷቸው። ከዘራቸውን አስቀሩባቸውና ለኔ ሰጡኝ።

ዘይነባ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ሰው አያስገቡም፤ ሳህኑን ተቀብለው ባዶውን ይመልሳሉ። ሳህኑ ባዶ ከተመለሰ በሕይወት አሉ ብለን እንገምታለን። አንድ ሳምንት ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍነው አላህ ያውቃል። በሚቀጥለው ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ዘይነባ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራና በድምፅ ማጉያ አንድ ጽሑፍ አስነበበ። እስልምና የዋጋ ተመንን እንደሚደግፍ፣ ጥንታውያኑ የሃይማኖት ሊቃውንትም እንዲሁ እንዳሉ የሚገልጽ ነው። መጨረሻ ላይ ፈራሚው ተጠራ፤ ሼህ ቃሲም። ሰው ተያየ። እኔ ፊቴ ጋለ። እንግዲህ ያሸነፍኩት ክርክር በድምፅ ማጉያ ተነበበልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሸነፍ ፈልጌ አላውቅም።

ተፈትተው ሲመጡ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ከዘራቸውን ይዤላቸው ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ስለ ጽሑፉ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም፤ እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«የፈረምኩት ነገር ሐሰት እንኳ አልነበረም» አሉ። «እንዲህ ያሉ ዑለሞች አሉ፤ ላንተም ነግሬሃለሁ። ወረቀቱን አስቀመጡልኝ። ፈርም አሉኝ። እሺ አልኩ። አልጮህኩም፣ አልታገልኩም፤ እሺ አልኩ። ቢያየኝ ሰው ወድጄ የፈረምኩ ይመስለዋል።»

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ያቺ ልጆቿ የተራቡባት ሴት ትዝ አለችኝ። ያቺ ያንተ ገዢ። ብዕሩን እንደያዝኩ ያገኘኋት እዚያ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቧ ቆሜ ከልብ ነው ስላት ኖሬአለሁ። ምን ትበለኝ?»

እንባቸው መጣ። የኔም መጣ። የተገደደ ሰው ውል እንደማይጸና ያው የድሮው ኪታብ እንደሚል ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ፣ ተውኩት። ከዚያ ትንሽ ቆይተው ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ተመለሱ። «እንዲህ ማለቴ ግን ተመኑ ልክ ነው ማለት አይደለም» አሉ። «እሱን ገና እንነጋገራለን።» ከዚያ ወዲህ ብዙ ብንነጋገርም አልጨረስነውም።

ከእስር በኋላ ጥያቄያቸውን ለወጡት። ሰው ሁሉ አላስተዋለውም፤ እኔ ግን አስተዋልኩ። የድሃ እጅ ሳንቲም ሲቆጥር ካዩ ፊታቸውን መልሰው ያልፋሉ፤ አንድም ቃል አይናገሩም። ጥያቄው ገንዘብ ያለውን ሰው ብቻ የሚመለከት ሆነ። ሱቁ የሞላ ነጋዴ ወይም ቦርሳው የከበደ ገዢ ሲያገኙ ግን በዚያ በደከመ ዓይናቸው ትኩር ብለው ያዩትና «አንተ፣ ከልብ ነው?» ይላሉ። ሰውዬው ከሳቸው ማምለጥ አይችልም።

አዴ ዘይነባ ስንዴውን ገልብጣልኝ ጨረሰች። ከዚያ ሁለት እፍኝ ሙሉ አነሣችና ጆንያዬ ላይ ጨመረች፤ መረቀችልኝ። ዋጋዋን ከፈልኳት። ልሄድ ብዬ መሄድ አቃተኝ። እንደ ተመኑ ጊዜ ከኪሴ አወጣሁና ጣሳው ሥር አስቀመጥኩላት።

ዘይነባ ዛሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። መጀመሪያ ብሩን፣ ቀጥሎ ጫማዬን፣ ከዚያ ፊቴን አየች። ደሞዝተኛ መሆኔን ታውቃለች።

«መምህር» አለችኝ፣ «ከልብ ነው?»

ይህን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር መለስኩ።

«ከልቤ ነው፣ አዴ።»